ይዘላል ያልከው ኮምፒውተር

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ ጫማህን አውልቀህ፣ ፊትህን ታጥበህ፣ እግርህን አልጋው ጠርዝ ላይ ሰቅለህ ያግኝህ። ወገብህ እንዴት ነው? እንቅልፍስ? ጤናህስ እንዴት ነው? ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጀምር የሚለው ነው ብለህ እንዳታልፈው፤ እኔ ዛሬ የምጠይቅህ መልሱን ፈልጌ ነው። እመለስበታለሁ። እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ትንሽ ቢያማትም አንደበቷ እንዳለ ነው። ዛሬ ጠዋት ለጎረቤታችን በአጥር በኩል "የኔ ምሩቅ ፀጉሩን የሚቆረጠው ሥራ ሲገባ ነው ወይስ ጡረታ ሲወጣ?" ስትል ሰምቼ በጓሮ በር ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

ደብዳቤውን የሰጠህ ባልደረባህ ዝምታው ነው። በእረፍት ቀኑ በሌላ አውቶብስ ተሳፍሮ እዚያ ድረስ ምን ሊሠራ መጣ ብለህ ጠይቀኸው ይሆናል፤ እሱም እንደ ስሙ ትከሻውን ነቅንቆ አልፎሃል። እኔ ልንገርህ። ነገ ጠዋት አውቶብስህን ነድቶ የሚመለሰው እሱ ነው። አንተ በተሳፋሪ ወንበር ትመጣለህ። ስምሪት ክፍሉ ያውቃል። የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

እባክህ ወረቀቱን አትጨምድደው። አሁን ብድግ ብለህ ዝምታውን "ቁልፉን ወዲህ በል" ልትለው እንዳሰብክ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ተቀመጥ። እስከ መጨረሻው አንብበኝ፤ ከዚያ በኋላ ነገ ስትመጣ የፈለግከውን ስድብ በር ላይ ቆሜ እቀበላለሁ።

ለምን አልደወልክልኝም ትላለህ። ስልክ ላይ አንተ ታወራለህ፣ እኔ "እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ" እላለሁ። ድምፅህን ስሰማ ደግሞ ፈርቼ "ምንም አይደለም፣ ደህና ነው" ብዬ እንደምዘጋው አውቀዋለሁ። እሑድ ዕለት ያደረግኩትም እሱኑ ነው። ይህ ደብዳቤ ስለዚያች "ደህና ነው" ነው።

ከሥሩ ልጀምርልህ። ከሁለት ወር በፊት ክፍሌ በር ላይ ቆመህ "ምሩቅ፣ አውቶብስ የሚነዳበት ጌም አለ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?" አልከኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ሳምንቱን ሙሉ አውቶብስ ሲነዳ የከረመ ሰው በእረፍት ቀኑ ደግሞ አውቶብስ! "ዳቦ ጋጋሪ ቤቱ ሲገባ የዳቦ ጌም ይጫወታል እንዴ?" አልኩህ። አንተ ግን አልሳቅክም። "ዝም ብለህ ጫንልኝ። ደግሞ ሜዳ ሜዳውን አይደለም፤ ገደልና ጠመዝማዛ ያለበትን መንገድ" አልከኝ። ያን ጊዜ ምንም አላሰብኩበትም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ጌም የሕፃናት ጨዋታ ነው ስትል የኖርክ ሰው በመጨረሻ ወደኔ ዓለም ገባህልኝ ብዬ፣ ከጓደኛዬ የጌም መሪና ፔዳል ተውሼ፣ መሪውን ጠረጴዛው ላይ በብሎን አሰርኩልህ። እማዬ መጥታ አይታ "ተሳፋሪዎቹስ የት ይቀመጣሉ?" ያለችው ትዝ ይልሃል?

የመጀመሪያው ቀን በእውነት አሳፋሪ ነበር። አውቶብሱ ቆም ሄድ፣ ቆም ሄድ እያለ ዳገቱን ሊወጣ አቃተው። እጅህን ከመሪው አንስተህ "ይሄ ነገርህ ይዘላል" አልከኝ። እኔም እንደ ሥራ ቦታዬ ወግ ካርድ አወጣሁልህ። የምሠራበት የጥገና ሱቅ ባለቤት ጋሽ ብሎን፣ ነግሬሃለሁ፣ እኚያ ሁልጊዜ ከንፈራቸው መሃል ብሎን ነክሰው የሚያወሩት፣ ለእያንዳንዱ ማሽን ካርድ ካልተጻፈለት አያስነኩንም። ካርዱ ላይ ቅሬታው የሚጻፈው በደንበኛው በራሱ ቃል ነው። "ሰውየው ያየውን እመነው፤ ምክንያት ብሎ የሚነግርህን ግን ራስህ ፈልገው" ይሉናል። ስለዚህ ጻፍኩ፦ ቅሬታ፣ "ይዘላል"።

የመጀመሪያው ጥፋት የእማዬ ነበር፤ ማለቴ የኔ። ክፍሉን ስትጠርግ ጠረጴዛውን ስባ፣ የሞኒተሩን ኬብል ነቅላ፣ ስትመልሰው የገባላት ቦታ ላይ ሰክታዋለች። ያ ቦታ የግራፊክስ ካርዱ አልነበረም። ለምረቃዬ የሰጠኸኝ ያ ጉልበተኛ ካርድ ሥራ ፈትቶ ተጎልቷል፤ ምስሉን ሁሉ እየተንገዳገደ የሚስለው ደካማው የማዘርቦርዱ ክፍል ነበር። አምስት ዓመት የተማረ ሰው ኬብሉ የት እንደተሰካ ሳያይ ሁለት ሰዓት ሶፍትዌር ሲያራግፍና ሲጭን ዋለ። ለጋሽ ብሎን ስነግራቸው ብሎኑን ሊውጡት ነበር። ኬብሉን ወደ ቦታው ስመልሰው፣ በሰከንድ አሥራ ስምንት ምስል ብቻ ያሳይ የነበረው ማሽን ስልሳ ገባ። "አሁን አስፋልት ሆነ" አልክ። ደስታህን አይቼ እኔም ዲግሪዬን እንደገና የተቀበልኩ መሰለኝ።

በሳምንቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ከነዳህ በኋላ ደግሞ ይንቀራፈፍ ጀመር። ከፈትኩት። ፋኑ ላይ የተጋገረው አቧራ የሞተች ድመት ይመስላል። ማሽን ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እንደሚቀንስ ስነግርህ፣ "እኔም ዳገት ላይ ሞተሩ ሲግልብኝ የማደርገው እሱን ነው፣ ብልህ ማሽን ነው" አልከኝ። ጠረግኩት፤ የደረቀውን ቅባት ፍቄ አዲስ ቀባሁት። ሦስተኛው ጥፋት ግን ያስቃል። ከጌሙ ጀርባ የኔ አርባ ሦስት የሥራ ማስታወቂያ ገጾች ተከፍተው ሚሞሪውን ሙጥጥ አድርገው በልተውት ነበር። "አንዱም ሳይጠራህ ተሰልፈው ኮምፒውተሩን ያደክሙልሃል" ብለህ እስኪያስነባህ ሳቅክብኝ። አርባ ሁለቱን ዘጋኋቸው። አንዷን ግን እንዲሁ ትቼያት ነበር። ስለሷም እነግርሃለሁ።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ ምንም አልነበረበትም፣ ጋሼ። እሱን ነው እንድታውቅልኝ የምፈልገው። እኔ ስነዳው እንደ ቅቤ ነው የሚንሸራተተው። አንተ ግን ከሰዓት በኋላ አንዴ፣ ወይ ሁለቴ፣ ድንገት ብሬክ ይዘህ "ይኸው! ዘለለ! አየኸው?" ትለኛለህ። አጠገብህ ተቀምጬ አላየሁም። አውቶብሱ ዳር ወጥቶ የመንገድ ምልክት ገጭቶ ቆሟል፤ አንተ ደግሞ "እዚያ ጋ ነበርኩ፣ ድንገት እዚህ ነኝ፣ መሃሉን ቆርጦ ጣለው" ትላለህ። አንድ እሑድ ሚሞሪውን ቀየርኩ። ሌላ እሑድ የመሪውን ኬብል። ሌላ እሑድ ሁሉንም አጥፍቼ ከባዶ ጫንኩት። ጋሽ ብሎን እንዳስተማሩኝ አንድ ነገር ብቻ እቀይርና እንድትሞክረው እሰጥሃለሁ። ካርዱ ሞልቶ ጀርባውን ገለበጥኩት። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ያለው ውጤት አንድ ነው፦ "አሁንም ይዘላል"።

የተጣላንበትን ቀን አልረሳውም። "አምስት ዓመት ሙሉ ምን ሲያስተምሩህ ነበር?" አልከኝ። እኔም ደሜ ፈልቶ "ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ ችግሩ አንተ ጋ ነው!" አልኩህ። አነዳድህን ልነቅፍ ነበር እንጂ ሌላ ምንም አስቤ አልነበረም። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን መሪውን ለቀህ እጅህን ጭንህ ላይ አደረግክ። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ "እርግጠኛ ነህ?" አልከኝ። አኮረፈ ብዬ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩህ፤ "ኮምፒውተሩ ነው ጋሼ፣ አገኘዋለሁ" አልኩህ። እንደገና "እርግጠኛ ነህ?" አልከኝ፤ አዎ ስልህ ፊትህ በራ። ይቅር ያልከኝ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ዕለት ወደ መጨረሻው ዘዴ ሄድኩ። እያንዳንዷ ምስል ስትወጣ ስንት ጊዜ እንደወሰደባት የሚመዘግብ ትንሽ ሶፍትዌር አለ፤ እሱን ከፈትኩ። የመሪውን እንቅስቃሴም አብሮ እንዲመዘግብ አደረግኩት። ጋሽ ብሎን ደግሞ ሌላ ወግ አላቸው፤ ማሽን ከማስረከባቸው በፊት ደንበኛውን አስቀምጠው ያሠሩታል፣ እሳቸው ግን ስክሪኑን አያዩም፣ የሰውየውን እጅ ነው የሚያዩት። "ግማሹ ብልሽት ያለው እጅ ላይ ነው" ይላሉ። ስለዚህ ስልኬን መጽሐፍ ላይ አስደግፌ በጎን በኩል አንተን እንድትቀርጽ አድርጌ አስቀመጥኳት። አንተም አይተህ "ፊልም ልትሠራብኝ ነው?" ብለህ ፀጉርህን በእጅህ አስተካከልክ። አንድ ሰዓት ነዳህ። ዘለለ አልክ። እኔ አሁንም ምንም አላየሁም፤ ስክሪኑን ነበር የማየው።

አንተ ልትለቃለቅ ስትወጣ መዝገቡን ከፈትኩት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎ ያለው ወረቀት እሱ ነው። አሁን አውጣው። ላይኛው መስመር የኮምፒውተሩ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀጥ ያለ ነው፣ አንድም ምስል አልጣለም። ታችኛው የመሪው ነው፤ ያንተ እጅ ማለት ነው። ሹፌር ስለሆንክ እጅህ አያርፍም። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ትላለህ፤ መስመሩ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። በእርሳስ ያከበብኩበትን ቦታ እይ። እዚያ ላይ መንቀጥቀጡ ያቆማል። ዘጠኝ ሰከንድ ሙሉ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። የሰው እጅ እንደዚያ ቀጥ አይልም፣ ጋሼ።

ከዚያ ቪዲዮውን እዚያው ሰዓት ላይ አምጥቼ አየሁት። እማዬ ሻይ ይዛ ትገባለች። "እንካ የኔ ልጅ" ትልሃለች። ዓይንህ ክፍት ነው። እጅህ መሪው ላይ ነው። አትመልስላትም። "ኧረ ውሰድ፣ ሊያቃጥለኝ ነው" ትላለች። ከንፈርህ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ የምትውጠው ነገር ያለ ይመስል። እሷም ጌሙ ወስዶት ነው ብላ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትወጣለች። ከዚያ ብሬክ ትይዛለህ። "ይኸው ዘለለ! አየኸው?" ትላለህ። ዞር ስትል ብርጭቆውን ታያለህ፤ "እማዬ መቼ መጣች?" ትላለህ።

እኔ ያን ጊዜ አጠገብህ ተቀምጬ "አሁን ነዋ" ብዬህ ነበር። እንደዋዛ።

አራቴ ደጋገምኩት። የእግርህን ኮቴ ስሰማ ስልኩን ዘጋሁት። ፎጣው አንገትህ ላይ ነበር። "እህስ ምሩቅ፣ አገኘኸው?" አልከኝ። "አገኘሁት፣ ተስተካክሏል" አልኩህ። "ኮምፒውተሩ ነበራ?" አልከኝ። "ኮምፒውተሩ ነበር" አልኩህ። "እርግጠኛ ነህ?" አልከኝ፤ ሦስተኛ ጊዜህ ነበር። "እርግጠኛ ነኝ" አልኩህ። ራሴን በመዳፍህ ዳሰስከኝ፤ ልጅ ሆኜ ፈተና ሳልፍ እንደምታደርገው። "እሰይ የኔ መሐንዲስ" አልክ። ያን ምሽት ድንች እየላጥክ ለእማዬ ስታዜምላት ሰማሁ። ስታዜም ከሰማሁህ ቆየሁ።

ለምን ዋሸሁህ? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ያየሁት ነገር ስም ካገኘ እውነት የሚሆን መሰለኝ። ሌላውን ምክንያት ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ያቺ ሳልዘጋት የቀረሁት ማስታወቂያ ትዝ አለችህ? ቅዳሜ ዕለት ጠርተውኝ ነበር። ሌላ ከተማ ነው፤ ትልቅ መሥሪያ ቤት፤ የሚቀጥለው ሰኞ ሥራ ጀምር ብለውኛል። ምሳ ላይ ልነግራችሁ ቃላቱን እያሳመርኩ ነበር። ቪዲዮውን ሳይ፣ አንተ መንዳት ካቆምክ እኔ የትም እንደማልሄድ ገባኝ። አንድ ሳምንት ብቻ፣ ሥራውን ልጀምርና እነግረዋለሁ አልኩ። አንድ ሳምንት ማለት ላንተ ስንት መንገድ፣ ስንት ተሳፋሪ እንደሆነ አላሰብኩም ብልህ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል። አስቤዋለሁ። አስቤው ነው ዝም ያልኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ስትወጣ ነቅቼ ነበር። በመስኮቱ በኩል ስታልፍ አንዴ ጥሩምባ ነፋህልኝ። ብርድ ልብሱን ራሴ ላይ ሳብኩት።

ማክሰኞ ማታ ለእማዬ ደወልክላት። ስልኩን ዘግታ እየሳቀች መጣችና "ወንድምህ ዛሬ በረረ! ድልድዩን ሳላየው ተሻግሬዋለሁ አለኝ። ልጄ ፈጣን ሆኗል" አለችኝ። እኔ ማንኪያ ይዤ ነበር። ማንኪያውን እዚያው ሳህኑ ላይ ተውኩት።

ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ደርሼ ቪዲዮውን ለጋሽ ብሎን አሳየኋቸው። የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ብሎኑን ከአፋቸው አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ፤ እንደዚያ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። "ይሄ የኛ ሥራ አይደለም" አሉኝ። "ሐኪም ነው የሚያየው። ቪዲዮውን እንዳታጠፋው፤ ሐኪሙ ከነገርከው ይልቅ ያሳየኸውን ያምናል። ሥራው ምንድን ነው ሰውየው?" አሉኝ። ሹፌር ነው ስላቸው የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርገው "ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድ!" ብለው ጮኹብኝ።

ዛሬ እዚያው አርፈህ የምትውልበት ቀን በመሆኑ ፈጣሪን እያመሰገንኩ በቀጥታ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። የስምሪት ኃላፊያችሁን፣ እናንተ ከጀርባቸው ፊሽካ የምትሏቸውን ሴትዮ፣ ቢሮአቸው ውስጥ የጉዞ ሰሌዳውን ሲያጠፉና ሲጽፉ አገኘኋቸው። "በጌም ነው ሹፌሬን ከመሪ የምታወርድብኝ?" ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ቪዲዮውን ሰጠኋቸው። የሻዩ ብርጭቆ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ሦስት ጊዜ አዩት። አንገታቸው ላይ ያለችውን ፊሽካ ሲያገላብጡ ቆዩና አንድ ነገር ነገሩኝ፦ "ከሁለት ወር በፊት መጥቶ ከገደሉ መንገድ አውጪኝ፣ ሜዳ ሜዳውን ስጪኝ አለኝ። ለምን ስለው ሰልችቶኝ ነው አለኝ። ሰነፍክ ብዬ ሳቅኩበት።"

ከሁለት ወር በፊት፣ ጋሼ። ጌሙን ያስጫንከኝ ሰሞን ነው። ገደልና ጠመዝማዛ ያለበትን መንገድ ያልከኝ ሰሞን።

ስለዚህ ጉዳይ ምንም አልጠይቅህም። ልትነግረኝ ከፈለግክ ትነግረኛለህ፤ ካልፈለግክም አልገፋህም። ሦስቴ "እርግጠኛ ነህ?" ስትለኝ ስለ ምን እንደምትጠይቀኝ ዘግይቶ እንደገባኝ ብቻ እወቅልኝ። አንተ ጥያቄህን ይዘህ የመጣኸው እኔ ዘንድ ነበር። በሰው ሁሉ መሃል እኔን መርጠህ። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ኬብል ስነቅልና ስሰካ ቆይቼ፣ መልሱን ባገኘሁ ቀን ዋሸሁህ። እንደገና ልመልስልህ። ኮምፒውተሩ አይደለም፣ ጋሼ። ኮምፒውተሩ ደህና ነው።

አሁን ደግሞ እግዚኦ ሳትል ስማኝ፣ ምክንያቱም ተስፋ ያለው ነገር ነው የምነግርህ። ፊሽካ ከሥራ አያሰናብቱህም። በቃላቸው እንዲህ ነው ያሉት፦ "ሐኪም ይየው። እስከዚያ እዚህ ከኔ ጋር ይቀመጥ፤ እያንዳንዱን ጠመዝማዛ ከነጉድጓዱ የሚያውቅ ሰው ለስምሪት አጥቼ ነው የምሰቃየው። ከዚህ በኋላ ግን ሐኪም ሂድ ሳይለው መሪ ላይ ባየው በዚህ ፊሽካ ነው የምመታው።" ዓርብ ጠዋት ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። አብሬህ እገባለሁ፤ ቪዲዮውን እኔ አሳያለሁ፤ አንተ ከፈለግክ ዝም ትላለህ። የዚህን ነገር ስም እኔ አልጠራም፣ የሐኪም ሥራ ነው። ግን ቀጠሮ የሰጠችኝ ነርስ እንዲህ ያለ ታይቶ የማይታወቅ ነገር እንዳልሆነ ነግራኛለች፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ ሥራውን ይሠራል አለችኝ። ከሷ አፍ ስሰማው እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ስለኔ ሥራ አታስብ። አውቃለሁ፣ ከሁሉ በፊት የሚያናድድህ እሱ ነው፤ "በኔ ምክንያት ነው የቀረኸው" ልትለኝ ነው። አልቀረሁም። ሁለት ሳምንት እንዲያራዝሙልኝ ዛሬ ጽፌላቸዋለሁ፤ የቤተሰብ ጉዳይ ገጠመኝ አልኳቸው። እሺ ካሉ እሄዳለሁ፤ እምቢ ካሉ አርባ ሁለቱን ማስታወቂያዎች መልሼ እከፍታቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ እንደሆነ አሁን ይችላቸዋል። እኔ ቁንጥንጥ ሰው እንደሆንኩ ታውቃለህ፤ አንድ ቦታ አልቀመጥም። ደግሞ አንተን ሐኪም ፊት ጥዬህ ብሄድ እዚያ ሄጄ የምሠራው ሥራ ሁሉ የሚዘልብኝ ይመስለኛል።

ለእማዬ ገና አልነገርኳትም። "በሥራ ለውጥ ነገ ዝምታው ነው የሚነዳው" ብያታለሁ። እሷም "ታዲያ ልጄ መንገድ ላይ ማን ያጫውተዋል?" አለችኝ። ስትመጣ አብረን እንነግራታለን፤ አንተ ንገራት፣ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ያን ሻይ ሳትወስድላት የቀረኸው ጌም ወስዶህ እንዳልሆነ ስታውቅ ምን እንደምትሆን አላውቅም። ብቻዬን ልሆንበት አልፈልግም።

ነገ ከሹፌሩ ጀርባ አትቀመጥ፤ እጅህን ይበላሃል። በቀኝ በኩል መስኮቱ ጋ ተቀመጥ። ዝምታው ማርሽ ሲያስጮህ ጥርስህን ነክሰህ ታገሠው፤ አንተን ለማምጣት ብሎ የእረፍት ቀኑን ሰጥቷል፤ ስለምነው አንድም ቃል አልተናገረም፣ ኮፍያውን አንስቶ ተከተለኝ እንጂ። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ መንገድ ስትመላለስ ዓይኔን ከአስፋልቱ ነቅዬ ወንዙን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም ስትለን ኖረሃል። ነገ ድልድዩ ላይ ስትደርሱ ቀና በልና እየው። ምን እንደሚመስል ትነግረኛለህ።

ካርድህ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ትናንት ማታ የመጨረሻውን መስመር ሞላሁት፦ ቅሬታ፣ "ይዘላል"። ምርመራ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው። እኛ ሱቅ ካርድ የሚዘጋው ደንበኛው "ተስተካክሎልኛል" ብሎ በራሱ እጅ ሲፈርም ነው፤ ጋሽ ብሎን ማንም በማንም ፈንታ እንዲፈርም አይፈቅዱም። እሑድ ዕለት እኔ ባንተ ፈንታ ፈርሜ ነበር። ሰርዤዋለሁ። ቦታው ባዶ ነው።

ፈጣሪ መንገዱን ያለስልስልህ። የዝምታውን እጅ ያጽናልን፤ ያንተንም እጅ ወደ መሪው ይመልስልን፣ ባይመልሰውም እጅህን አያሳጣን። ነገ ከመናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፤ ከአውቶብሱ በተሳፋሪ በር ስትወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለማይህ ምናልባት አላውቅህ ይሆናል፤ አንተ ጥራኝ።

ስድብህን ናፍቄ የምጠብቅህ፣
ታናሽ ወንድምህ